የነቀልኩት ሣር

ሌላው ሰው ፍቅሩን በፈገግታ ይጀምራል። እኔ የጀመርኩት የሰው ልፋት ነቅዬ ነው።

በእርሻ ምርምር ጣቢያው አራሚ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር፣ ከስንዴው አጠገብ አንድ ጠባብ መደብ በአረም ተሞልቶ አየሁ። ስንዴ የሚመስል፣ ዛላው ቀጭን፣ ረዥም ጢም ያለው ሣር ነው። ገበሬው አባቴ ይህን ሣር እንድጠላ አድርጎ ነው ያሳደገኝ። እስከ ምሳ ሰዓት አንድም ሳላስቀር ነቀልኩትና በራሴ ኮራሁ።

የዘር ክፍሉ ባለሙያ ከምሳ ሲመለስ ባዶው መደብ ፊት ደርቆ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ሰላም ሲለኝ ልቤ የሚደነግጥለት ሰው እሱ ነበር።

ሣሩ የስንዴ የዱር ዘመድ መሆኑን፣ ስንዴን የሚጨርሰው በሽታ እንደማይደፍረው ነገረኝ። በየዓመቱ ከዘሩ ነው የሚበቅለው፤ በመጋዘን የቀረችው የመጨረሻ እፍኝ ደግሞ እዚያ መደብ ላይ ተዘርታ ነበር። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«የት ጣልሽው?» አለኝ በመጨረሻ።

«አልጣልኩትም። ዘር የያዘ አረም ሜዳ ላይ ከተጣለ ለከርሞ ይበቅላል ይላል አባቴ። እስኪደርቅና እስካቃጥለው በጆንያ አድርጌ መሣሪያ ቤት ሰቅዬዋለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት።

ፍሬው ገና እሸት ስለነበር ይብቀል አይብቀል የሚያውቅ አልነበረም። አለቃችን ሊያባርረኝ ሲነሣ፣ ምልክት ያላቆምኩት እኔ ነኝ ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደ። እንደምወደው ያን ቀን እርግጠኛ ሆንኩ። ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ ዛላ ስንፈለፍል፣ ጣቶቻችን ሲነካኩ ሁለታችንም ወደ ዛላው እናቀረቅር ነበር። ዘሩ ባይበቅል ዓይኑን በምን ዓይኔ አየዋለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ሃያ ፍሬ በእርጥብ ወረቀት ላይ ደረደረ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት አስጠራኝ። አሥራ ሰባቱ በቅለዋል። እፎይ ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

«አባትሽን ማመስገን አለብኝ» አለ መሐረቡን እያቀበለኝ። «ሌላም የምጠይቃቸው ነገር አለኝ፤ አንቺ ከፈቀድሽ።»

«ፈቅጃለሁ» አልኩ፣ ጥያቄውን እንኳ ሳልሰማ።

አብረን ቤት ሄደን ስንነግረው፣ አባቴ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ካዳመጠ በኋላ አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ስነቅለው የኖርኩትን፣ ይኼ ሰውዬ ይዘራዋል?» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ይሁን፤ ከወደድሽው ውሰጂው። በእኔ ማሳ በኩል ግን ኪሱን አራግፎ ይለፍ።»