ሎሚ የማይበላው ድንጋይ

ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ጥርት ያለ እውነት ነው። ከዋሸሁ የምበላው ዓሣ ሁሉ ሥጋው ጠፍቶ አጥንት ብቻ ይሁንብኝ። አማቴን ጠይቁ እንዳልላችሁ አማቴ እኔን ስታይ በር ትዘጋለች፤ ስለዚህ እኔኑ እመኑኝ።

እትዬ ዙሌይዴ ድንጋይ ነጋዴውን ቦኒፋሲዮን በረገመችው ማግሥት፣ ገና በማለዳ፣ የበቆሎ ኬክ በሰሃን ይዛ ወደ ድንጋይ ግቢው ገባች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። እናቷ «የአንቺ ቃል መሬት ጠብ አይልም፤ አፍሽን ጠብቂ» እያለች ነው ያሳደገቻት። በካሾዬሮ ከተማ ደግሞ ድንጋይ የማይቆርጥ፣ የማይጭን ወይም የማይሸጥ ቤተሰብ የለም፤ እዚያ አገር «ድንጋይ ይጫንህ» ማለት ቀልድ አይደለም።

ቦኒፋሲዮን አገኘችው። የድንጋይ ሰሌዳዎች ከሚቆሙበት የብረት መደገፊያ ሥር ነበር፤ የሚታየው ሁለት እግሩ ብቻ ነው። በላዩ ላይ እሷ ለወጥ ቤቷ ጠረጴዛ የመረጠችው ነጭ የድንጋይ ሰሌዳ ተኝቷል። ባለ ሁለት ሰው አልጋ ያህላል፤ እንከን የለበትም፤ እንደ መስተዋት ያበራል። ጎንበስ ስትል የራሷን ፊት አየችበት። ከፊቷ ሥር ሬሳ እንዳለ ትዝ ሲላት ሰሃኑ ከእጇ አመለጠ።

«ገደልኩት!» ብላ ጮኸች።

ያጠፋት ይኸው ጩኸት ነው። ክሬን ነጂው ዲርሴውና የሟች እህት ኔልሲ እየሮጡ ሲደርሱ የሰሙት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነበር። ወሬው ከፖሊስ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። መርማሪ ጁሬማ ፋርዲን በደረሰች ጊዜ የግቢው በር ላይ መቶ የሚሆን ሰው ቆሟል፤ ግማሹ ያማትባል፣ ግማሹ «ምላሷን ቁረጡ!» ይላል። በሩን የያዙት ፖሊሶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው እሱም ያማትባል። ዙሌይዴ ይህን ሁሉ ከግቢው ውስጥ ታያለች። ነገሩ ዛሬ ካልተፈታ፣ ማታ የሚቃጠለው የማን ቤት እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ ግን ገብቷታል።

ጁሬማ አጭር፣ ወፍራም፣ ከኪሷ ኦቾሎኒ የማይጠፋ ሴት ናት። ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ ዞረችው። ከዚያ ተንበርክካ ጉንጯን ድንጋዩ ላይ ልታስነካ ጥቂት እስኪቀራት ድረስ አስጠግታ፣ በብርሃኑ አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና ዙሌይዴን ከግቢው የቆርቆሮ ዳስ ጥላ ሥር አስቀመጠቻት።

«እትዬ፣ ትናንት ምን ሆናችሁ ነው የተጣላችሁት?»

«የኔ እመቤት፣ ቤቴ የሎሚ ቤት ነው። ባሌ ዓሣ ይሸጣል፤ እኔ ዓሣ እቀቅላለሁ። ሎሚ ሳይፈስበት የሚያድር ጠረጴዛ የለኝም። እምነ በረድን ደግሞ ሎሚ ይበላዋል። ኳርዛይት የሚባለው ድንጋይ ግን ሎሚ ቢያፈሱበት ይስቃል አሉኝ። ለእሱ መጣሁ። ቦኒፋሲዮም ‹ይኸውልሽ ኳርዛይት› ብሎ ያንን አሳየኝ። እኔ ደግሞ ሎሚዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።»

«ሎሚ በቦርሳ?»

«ታዲያ በነጋዴ ቃል ልገዛ ኖሯል? ሦስት ቦታ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። እሱ አንድ ሲጋራ አጭሶ እስኪጨርስ ጠብቄ ብጠርገው፣ ሦስቱም ቦታ እንደ ታመመ ዐይን ፈዟል።»

«ምን አለ?»

«‹ድንጋዩ አልቦት ነው› አለኝ! ድንጋይ ሲያልበው አይተው ያውቃሉ? ‹ድንጋይ ወልዋዬ አማንሲዮ ራሱ በእጁ ፈትኖ ኳርዛይት ነው ብሏል፤ አንቺ ዓሣ ቀቃይ ከአማንሲዮ ልትበልጪ ነው?› ሲለኝ ነደደኝና ‹ይኸው ድንጋይ ይጫንህ!› አልኩት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በምላሱ የገደለ ሰው ስንት ዓመት ይፈረድበታል?»

«በምላስ ቢታሰር ኖሮ ከእነዚያ በር ላይ ካሉት አንድም አይተርፍም። ስንት ሰዓት ነበር?»

«አመሻሽ ላይ፣ አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል።»

ዲርሴው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ መጣ።

«ይቅርታ መርማሪ፣ እትዬ እንዳያዩኝ ነው። እኔማ ክሬኑን አቁሜ ልወጣ ስል እርግማኑን ሰምቼ ስቄያለሁ። ዛሬ አልስቅም። እትዬ፣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ እባክዎ ወደዚያ ይዩ!»

«የክሬኑ ቁልፍ የት ነው የሚያድረው?»

«ምስማሩ ላይ። የፈለገ ያነሣዋል።»

ኔልሲ ደግሞ መጠየቅ ሳይጀመር ጀመረች። «ምን ትጠይቂኛለሽ? ከቢሮው መስኮት እርግማኗን በጆሮዬ ሰምቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሲነጋ ወንድሜ በዚያው ድንጋይ ሞቶ ተገኘ። ድንጋዩን ማን አዘዘው? ጠንቋይ ናት፣ እሰሯት፤ ካልቻላችሁ ለእኛ ተዉልን!»

መጨረሻ የተጠራው አማንሲዮ ነው። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ሲወለውል ቅንድቡ ውስጥ የገባው ነጭ ብናኝ በሳሙና አይወጣም። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከተማው የሚያከብረው ሽማግሌ ነው።

«እኔ አሥር ሰዓት ላይ ወጥቼ ቤቴ ነበርኩ» አለ። «እርግማኑንም ሎሚውንም የሰማሁት ዛሬ ነው። ድንጋይ ነው፣ ይወድቃል። ቦኒፋሲዮ ከፊቱ መቆም አልነበረበትም። አንቺም እትዬ፣ አይዞሽ።»

ዙሌይዴ ከጠዋት ጀምሮ አይዞሽ ያላት ሰው እሱ ብቻ ስለነበር አለቀሰች።

ቀትር ላይ ጁሬማ አራቱንም ከዳሱ ሥር ሰበሰበቻቸው። ከበሩ ውጭ ያለው ጩኸት እየበረታ ነበር፤ አንድ ጠጠር ቆርቆሮው ላይ አርፎ ዙሌይዴን አስበረገጋት። መርማሪዋ ግን ለገዢ ከሚታዩት፣ አንድ ፊታቸው ከተወለወለ ትናንሽ የድንጋይ ናሙናዎች ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሰጠች።

«ያዙልኝ። እ... በቃ መሬት አስቀምጡትና ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ጁሬማ ኦቾሎኒዋን መፈልፈል ጀመረች።

«ዲርሴው፣ ሰሌዳ መደገፊያው ላይ እንዴት ነው የሚቆመው?»

«ጀርባውን ለብረቱ፣ ፊቱን ለገዢው ሰጥቶ ነዋ።»

«ከወደቀስ?»

«ከወደቀማ በአፍ...» ዲርሴው ባርኔጣውን አወለቀ። «በአፍጢሙ ነው የሚደፋው። ፊቱ ወደ መሬት፣ ጀርባው ወደ ሰማይ።»

«የሰሌዳ ጀርባ ምን ይመስላል?»

«ሻካራ ነው። እንዳይሰነጠቅ መረብ ተለጥፎበታል።»

«እትዬ ዙሌይዴ፣ ጠዋት ፊትዎን ያዩት መረብ ላይ ነው?»

ዙሌይዴ በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። መናገር ፈራች።

«ድንጋዩ አልወደቀም» አለች ጁሬማ። «ሰውየው ቀድሞ ሞቷል። ከዚያ አንድ ሰው ሰሌዳውን በክሬን አንጠልጥሎ በጀርባው አስተኛበት። የወደቀ ለማስመሰል በአፍጢሙ መድፋት ነበረበት። ያንን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እዚህ ከተማ ይህን የማያውቅ የለም። እጁ እምቢ ብሎት ነው። የተወለወለ ፊት ጠጠር ላይ መድፋት የማይችል እጅ አለ። እስቲ ናሙናዎቻችሁን እዩ።»

ሁሉም ወደ መሬት አዩ። የዲርሴው በአፍጢሙ ተደፍቷል። ኔልሲ የራሷን ስለወረወረችው ተሰብሯል። የዙሌይዴ ገና ከእጇ አልወጣም። የአማንሲዮ ግን ጠጠሩ በእግር ተጠርጎ በጸዳ ቦታ ላይ፣ ፊቱ ወደ ላይ፣ በእጅጌ ተወልውሎ ያበራል።

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ አማንሲዮ፤ ድምፁ ግን ከሰውነቱ የራቀ ይመስል ነበር።

«አይደለም፣ ጋሼ። ማስረጃው ሌላ ነው። ሦስቱ የሎሚ ዐይኖች የት ገቡ?»

ዙሌይዴ ዘላ ተነሣች። «የሉም ነበር! እንከን አልነበረበትም!»

«የሉም። ጉንጬን አስጠግቼ ፈልጌ አጣኋቸው። በአንድ ሌሊት እንዲህ አድርጎ የሚያጠፋቸው እጅ በዚህ ግቢ አንድ ብቻ ነው። ሎሚው የፈሰሰው አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል ነው፤ ያ እጅ ግን አሥር ሰዓት ላይ ወጣሁ፣ ስለ ሎሚው የሰማሁት ዛሬ ነው ብሎኛል።»

አማንሲዮ ናሙናውን አንሥቶ እንደገና በእጅጌው ወለወለው።

«ከድንጋይ መቁረጫው መጋዝ ጀርባ ነበርኩ» አለ። «እምነ በረድ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን በእኔ ስም ሸጠው። ‹አማንሲዮ ካለ፣ አለ ነው› ይባል ነበር፤ ሠላሳ ዓመት! ሰዉ ሁሉ ሲወጣ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። ገፋሁት፤ ጭንቅላቱ ብረቱን አገኘ። ከዚያ ቆሜ ቀረሁ። የት አደርገዋለሁ?» ወደ ዙሌይዴ ዞረ። «እትዬ፣ ቃልሽ በጆሮዬ ውስጥ ነበር። መንገዱን ያሳየኝ እሱ ነው።»

«ጠብታዎቹን ለምን ወለወልካቸው?» አለች ጁሬማ።

«እንደዚያ ትቼው ልሂድ?» አላት፣ የሞኝ ጥያቄ የጠየቀችው ይመስል።

አማንሲዮን ሲወስዱት በር ላይ ያለው ሕዝብ ጩኸቱን አቆመ። «ምላሷን ቁረጡ» ሲሉ የዋሉት ወንዶች ዙሌይዴ ስታልፍ መሬት መሬት አዩ፤ አንዷ ሴትዮ ጭራሽ ስማታለች።

«ምላስዎ ንጹሕ ነው፣ እትዬ» አለቻት ጁሬማ።

«‹መንገዱን ያሳየኝ እሱ ነው› አለ እኮ።»

ጁሬማ ከኪሷ ኦቾሎኒ አውጥታ ሰጠቻት።

ከወር በኋላ ዙሌይዴ ከሌላ ግቢ አረንጓዴ ኳርዛይት መረጠች፤ አምስት ሎሚ ብትጨምቅበትም እየሳቀ ተገኘ። ወጥ ቤቷም አማረ፤ እሷም እንደ ሕፃን ልጅ ለጥ ብላ መተኛት ጀመረች።

እሺ፣ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ እንቅልፏን። ባሏ እንደሚለው ከዚያ ቀን ወዲህ ደህና ተኝታ አታውቅም። ልጆቿ ሲያናድዷት አፏን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች። ልጆቹም ያንን ሲያዩ፣ ምን ልትል እንደነበር ሳይጠይቁ፣ ከቤት ይወጣሉ።