ሰማያዊው ዲናሞ

«ማነው ይሄን ዲናሞ የነካው?» አለ ሜካኒኩ፣ ዓይኑን ልጅቷ ላይ ተክሎ። መልስ ፈልጎ እንዳልጠየቀ ያስታውቃል። እናቷ ዞራ አየቻት። ተራውን የሚጠብቀው ባለታክሲም አንገቱን አስግጎ አያት። በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ባልሠራችው ጥፋት፣ በሦስት ሰው ዓይን ተጠበሰች።

«ዲናሞውን አልነካሁም» አለች። «እሑድ የባትሪውን ጫፍ ነው ያጸዳሁት። ነጭ ነገር አውጥቶ ነበር። በሙቅ ውሃና በብሩሽ፣ በቃ።»

«ሰማሽ እህቴ? ነክታለች» አለ ሜካኒኩ ለእናትየው።

ቅዳሜ ዕለት የመኪናዋ መብራት መፍዘዙን ያየችው ልጅቷ ነበረች። «እማዬ፣ ባትሪው እየሞላ አይደለም» ያለችውም እሷ። ያኔ ማን ሰማት? እናቷ ቀኑን ሙሉ የዳቦ ቤቱን ዳቦ ለየሱቁ ስታደርስ ውላ ደክሟት ነበር እንበል። ሰኞ ጠዋት መኪናዋ አልነሳም ብላ ተገፍታ ጋራዥ ስትገባ ግን ጥፋተኛ ለመፈለግ ማንም አልደከመውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ባለፈው ሐሙስ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ፈትቶ፣ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ቀይሮ የገጠመው ሜካኒኩ ራሱ ነው፤ እሱን ግን «አንተስ ምን ነካህ?» ያለው የለም።

የሠፈሩ ሰው «ጋሽ ሰማያዊ» ይለዋል። የጠገነውን ሁሉ ሰማያዊ ቀለም ካልቀባ የሠራ አይመስለውም። ፓምፕ ቢሠራ ሰማያዊ፣ የበር ማጠፊያ ቢበይድ ሰማያዊ። «የኔ እጅ እንዳረፈበት ይታወቅ» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

ከባለታክሲው ባትሪ ጋር በሁለት ካቦ አገናኝተው ሞተሩን አስነሱትና ካቦዎቹን ነቀሉ። ጋሽ ሰማያዊ ሞተሩ እየሠራ የመኪናዋን የራሷን የባትሪ ካቦ ሊነቅል እጁን ሰደደ።

«ጋሼ፣ እንደሱ አይፈተሽም! ደህናውን ዲናሞ ያቃጥሉታል!» አለች ልጅቷ።

«ኧረ ኢንጂነራችን!» አለ ባለታክሲው እየሳቀ።

«አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ ይሄን ሥራ የጀመርኩት» አለና ጋሽ ሰማያዊ ካቦውን መነጨቀው። ሞተሩ ተንገጫገጨና ቀጥ አለ። «አየሽ? ዲናሞው ሞቷል። ልጅሽ ገድላዋለች።»

እናቷ ልጅቷ የያዘችውን መፍቻ ከእጇ ነጠቀቻት። «ከዛሬ ጀምሮ መኪናዬ አጠገብ እንዳላይሽ። ነገ ትምህርት ቤት መጥቼ ከመኪና ጥገና ክፍል አስወጣሻለሁ። ልብስ ስፌት ግቢ፤ ቢያንስ የምታበላሺው ጨርቅ ይሆናል!» አለቻትና ለዳቦ ቤቱ ልትደውል ወደ ጋራዡ በር ሄደች።

የመኪና ክፍሉን ለማግኘት ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ተለማምጣለች። አሁን በአንድ ሰው አፍ ሊሄድባት ነው። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና የተነጨቀውን ካቦ መልሳ ገጠመች፤ ከቦርሳዋም ትምህርት ቤት ያዋሳትን የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር አወጣች።

«እባክዎ አንዴ ያስነሱልኝ» አለችው ባለታክሲውን።

«የልጅ ጨዋታ አልፈልግም» አለ ጋሽ ሰማያዊ።

«ትሞክር እንጂ! የሞተ ሁለቴ አይሞትም» አለ ባለታክሲው፣ ካቦዎቹን እንደገና አገናኝቶ መኪናዋ ላይ ያለውን ቁልፍ እያዞረ። ለሣቁ ነው እንጂ አምኗት አይደለም።

ሞተሩ ተነሳ፤ ካቦዎቹ ተነቀሉ። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ከዲናሞው በሚወጣው ወፍራም ሽቦ ላይ፣ ጥቁሩን ደግሞ ከዲናሞው አካል ላይ ቀለም ያልደረሰበት ጥግ ፈልጋ አስነካች። አሥራ አራት ነጥብ ሁለት ቮልት። ሞተ የተባለው ዲናሞ ከነሙሉ ጉልበቱ ይሠራል! ባትሪው ላይ ስትለካ ግን አሥራ ሁለት እንኳ አልሞላም። ከዚያ አንዱን ጫፍ የዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረገች። ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው ሁለት ነጥብ ሦስት አለ።

ጎንበስ ብላ አየች። ዲናሞው የሚቀመጥበት ብረት፣ የብሎን ጆሮዎቹ፣ ውስጡ ሳይቀር፣ ሰማያዊ።

«ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዲናሞው አካል በኩል ነው» አለች። «አካሉ ደግሞ ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ነው የተቀመጠው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።»

«ወሬ ነው» አለ ጋሽ ሰማያዊ።

ከባለታክሲው ካቦዎች አንዱን አነሳች። አንዱን ጫፍ ዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አስነከሰችው። ፈዞ የነበረው የፊት መብራት ግድግዳው ላይ ቦግ አለ። ባትሪው ላይ ያለው ቁጥር አሥራ አራት ገባ።

«እንዴ! ሬሳው ተነሳ!» አለ ባለታክሲው። «ሞቷል አላልክም እንዴ አንተ ሰውዬ?»

የጋሽ ሰማያዊ ጆሮ ቀላ። ጠጋ አላትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ቀለሙን አሁኑኑ እፍቀዋለሁ። ለእናትሽ አስተካከልኩት እላታለሁ። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ሁላችንም ወደየሥራችን። ነገሩን አናርዝመው።»

ደግ ነገር ይመስላል። እናቷ ደስ ብሏት ትነዳለች፤ ጋሽ ሰማያዊም «እጁ ይባረክ» ይባላል። «ነክታለች» የምትለዋ ቃል ግን የልጅቷ ትከሻ ላይ ትቀራለች፣ ነገም ትምህርት ቤቱ ቢሮ ድረስ ትከተላታለች። አንዳንዱ እርቅ እኮ ጥፋተኛው የሚተኛበት ፍራሽ ነው።

እናቷ ስልኳን ዘግታ በሩ ጋ ቆማለች። ልጅቷ ከመኪናዋ ፊት ቆመች፤ ሜካኒኩ መፋቂያውን ይዞ ቢመጣም ንቅንቅ አላለችም።

«ጋሼ» አለች። «ይፍቁት፣ ግድ የለኝም። መጀመሪያ ግን እማዬን ይጥሯት። እኔ አልጠራትም፣ እርስዎ ይጥሯት። እዚሁ፣ ጋሼ ባለታክሲው እየሰሙ፣ ‹ልጅሽ አይደለችም፣ እኔ ነኝ› ይበሏት። በራስዎ አፍ!»