ወፍጮውን ሲለካ የከረመው ሰው

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ የነፋስ ወፍጮ አለ ሲሉት ሚናስ ቀልድ መስሎት ነበር። ከቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተልኮ የእትዬ የሺዓለምን ግቢ ሲያንኳኳም አላመነም።

ወፍጮው ግን ነበር። የእትዬ የሺዓለም አያት ያሠሩት ረጅም የድንጋይ ግንብ ነው። ያኔ «በነፋስ የተፈጨ ዱቄት ሆድ ይነፋል» ተብሎ በሰፈሩ ስለተወራ እህል ያመጣለት አልተገኘም። ከክንፎቹ የቀረው አንዱ ብቻ ሲሆን እሱም ልብስ ይሰጣበታል። ግንቡ ወደ ማድ ቤቱ ዘሟል፤ ስንጥቁ ክንድ ያስገባል።

በሩን የከፈተችለት የእትዬ የሺዓለም ልጅ ምኞት ናት። ወርቅ ቤት ትሠራለች፤ ሊገዛ የመጣውንና ሊያይ ብቻ የመጣውን ደንበኛ ገና ከበር ትለያለች።

«ልታፈርሱልን ነው ልትጠግኑልን?» አለችው።

«መጀመሪያ መለካት አለበት» አለ ሚናስ። ሜትሩን ገልብጦ ነበር የያዘው። ምኞት ከእጁ ወስዳ አዙራ ሰጠችውና ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን መለሰች። እሱም አለቀለት።

አለቃው አቶ ገብረክርስቶስ ክረምት ሳይገባ ግንቡ በእንጨት እንዲደገፍ ሪፖርቱን ቶሎ እንዲያስረክብ አዘውት ነበር። ሚናስ ግን ሥራው ካለቀ በዚያ በር የሚገባበት ሰበብ እንደማይኖረው ገባው። ስለዚህ ለካ። ፀሐይ ድንጋዩን ያሳብጠዋል እያለ ጠዋት የለካውን፣ ምኞት ከሥራ ስትመለስ ጠብቆ፣ ደገመው። እትዬ የሺዓለም ትጋቱን አይተው ቆሎ ያቀርቡለት ጀመር። ጎረቤቶች ደግሞ መንግሥት በግቢው የተቀበረ ወርቅ አገኘ ብለው አወሩ።

አንድ ቀን ምኞት ኬክ ቤት ይዛው ሄደችና ማኪያቶ አዘዘችለት።

«ሊገዛ የመጣና ሊያይ የመጣ አይምታታብኝም» አለችው። «አንተን ግን መለየት አቃተኝ። የምትመላለሰው ለወፍጮው ነው ለእኔ?»

ሚናስ ማኪያቶውን ደጋግሞ አማሰለ፤ ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

«ለወፍጮው ነበር» አለ በመጨረሻ። «የመጀመሪያው ቀን።»

ምኞት ስኳሩን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

በማግስቱ ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደ። ከግንቡ አናት የተናዱት ድንጋዮች የማድ ቤቱን ቆርቆሮ በስተው ገቡ። እትዬ የሺዓለም ጊዮርጊስ ለመሳለም ሄደው ስለነበር ተረፉ፤ የሽሮ ድስታቸው አልተረፈም። ሚናስ እየሮጠ ሲደርስ ወፍጮውን እንደሚያስፈርሱት፣ እሱንም ዳግመኛ እዚያ ግቢ ማየት እንደማይፈልጉ ነገሩት። ምኞት ቀና ብላ አላየችውም።

«እማዬ እዚያ ብትሆንስ ኖሮ?» አለች።

ሚናስ ማታውኑ ሪፖርቱን ጨረሰ። በማግስቱ አናጢዎችና አንድ ጋሪ ሙሉ የባሕር ዛፍ አጣና ይዞ መጣ። በሩ ተዘግቷል። ዝናቡ እላዩ ላይ እየወረደ ጠበቀ።

«እትዬ» አለ በበሩ ቀዳዳ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የወፍጮው አይደለም። ልደግፈውና ከዚያ ያባርሩኝ።»

እትዬ የሺዓለም ከብዙ ቆይታ በኋላ የከፈቱት ለእንጨቱ ሲሉ መሆኑን አስረግጠው ነው። ምኞት ቦት ጫማ አጥልቃ ወጣችና የገመዱን ጫፍ ያዘች። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከ«ያዝ»ና ከ«ልቀቅ» በቀር አልተነጋገሩም። የመጨረሻው አጣና ሲገባ ግንቡ አንዴ ተንቋቋና ጸጥ አለ። ያኔ ምኞት በሻርፗ ጫፍ የሚናስን ፊት ከጭቃ ጠረገችለት። አንዴ ቢበቃም ቶሎ አላቆመችም። እናቷ በመስኮት አዩ።

በሳምንቱ እትዬ የሺዓለም ነጭ በነጭ ለብሰው መሥሪያ ቤቱ ከች አሉ። አቶ ገብረክርስቶስ ለክስ የመጡ መስሏቸው ልጁ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠው አስረዷቸው።

«ግንቡስ ቆሟል» አሉ እትዬ የሺዓለም። «እኔ የመጣሁት ሽማግሌ መቼ እንደሚልክ ልጠይቅ ነው። ይህንንም እንደ ሪፖርቱ ካጓተተው ልጄ ቤት ቀረች ማለት ነው። አለቃው ነዎት፣ ቀን ይቁረጡለት።»

አቶ ገብረክርስቶስ ሚናስን አስጠርተው እስከ እሑድ ሰጡት። በሥራ ዘመኑ ከተባለው ቀን ቀድሞ የፈጸመው ትእዛዝ ይህ ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ በጠዋት የእትዬ የሺዓለምን በር አንኳኩ።