ከአሜን በኋላ

«ሞተሩ ድንገት ጠፋ በይ፣ በቃ» አለ አባቷ ለይኩን፣ መስታወቱ ፊት ከረባቱን እያጠበቀ።

ጵርስቅላ የጫማዋን ክር ስታስር እጇ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ኮተቤ ባለው ቸርቻቸው የምስክርነት ጊዜ አለ፤ ዋናዎቹ መስካሪዎች ደግሞ እነሱ ናቸው። ባለፈው ሳምንት አባቷ የሚያበርራት ትንሽ አውሮፕላን ሁለቱን ይዛ ለገጠር ክሊኒክ መድኃኒት አድርሳ ስትመለስ፣ እንጦጦ ፊት ለፊት እየታየ ሞተሯ ጸጥ አለ። አባቷ ከሲ.ኤም.ሲ ማዶ አንድ የገብስ ማሳ ላይ አሳረፋት። ሁለቱም ሳይጫሩ ወረዱ። የማሳው ባለቤት አቶ ጉደታ እየሮጡ መጡና የተደፈጠጠውን ገብሳቸውን ትተው እሷን አቀፏት።

«ነዳጅ አልቆ እኮ ነው አባ።»

«ዝርዝሩ ለማን ይጠቅማል? የምናከብረው እግዚአብሔርን ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን ከሰሙ ከእንግዲህ ማን አብሮኝ ይበራል?»

ለይኩን ልማድ ነበረው። ሊነሳ ሲል ክንፉ ላይ እጁን ጭኖ ይጸልያል፤ ከአሜን በኋላ ደግሞ የእንጨት ዘንግ የነዳጁ ሰልባትዮ ውስጥ ይከትና ነዳጁ የት ድረስ እንዳረጠበው ያያል። «የነዳጅ ጌጅ ይዋሻል፣ እንጨት አይዋሽም» ይል ነበር። ያን ቀን ግን ሊሸኟቸው የወጡት የክሊኒኩ ሽማግሌ ጸሎቱን ከያዙት አለቀቁትም። ዝናብ እየመጣ ነበር። አሜን እንደተባለ ተቃቅፈው ተሰነባበቱ፤ አባቷም ዘሎ ገባ። ጌጁ ግማሽ ያሳያል። ዘንጉ ከወንበሯ ኋላ በጨርቁ እንደተጠቀለለ ነው። ጵርስቅላ አየችው። ያን ያህል ከተጸለየ በኋላ «እስኪ እንለካ» ማለት እምነት ማጣት መሰላትና ዝም አለች። ያ ዝምታ እስካሁን ያሳፍራታል።

ቸርች በር ላይ ጓደኛዋ ቤኪ ጠበቃት።

«ጵርሲ፣ አካብጂው እሺ! መልአክ ክንፉን ይዞ ሲያወርደን አየሁ በይ፣ ሰዉ ያብዳል!»

«ሂድ ወዲያ፣ ፋራ!» አለችው፤ ሳቋ ግን አልወጣ አላት።

«በሚቀጥለው ወር እነ ሰሎሞን ከአባትሽ ጋር ሊበሩ ነው፣ ሰምተሻል? መዘምራኑ ክሊኒኩ ድረስ ሊሄዱ።»

አልሰማችም ነበር። ያን ቀንም ረጅም ጸሎት ይኖራል፤ ያን ቀንም አባቷ ይቸኩል ይሆናል።

ለይኩን መድረኩ ላይ አሳጠረው። «ሞተሩ ድንገት ጠፋ» ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ማይኩን ሲያቀብላት ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። እሷን ግን አሳዘናት እንጂ አልተናደደችበትም። ፊት ለፊት ከተቀመጡት መዘምራን መካከል ከሁሉም አብልጦ የሚያጨበጭበው ሰሎሞን ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ። «ያን ቀን ብዙ ጸለይን። ከአሜን በኋላ ግን...»

የአባቷ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ። እጁ አልገፋትም፣ አልጎተታትምም፤ እዚያው ቆየ።

«ነዳጁን ሳንለካ ተነሳን» አለች።