በሊትር ስልሳ

«አጥብቀሽ ያዢ» አለ ወንድሟ። «ደግሞ በየደቂቃው በትከሻዬ ላይ አንገትሽን አታስግጊ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የትም አይሄድም።»

ጩጬ ቆጣሪውን እንደገና አየች። እቤት ሁሉም ጩጬ ይሏታል እንጂ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የአባቷ ዓይን ሆና ነው ሞተሩ ላይ ከኋላ የተቀመጠችው።

ሞተሩን ለአባቷ የሸጠው ሰውዬ «በአንድ ሊትር ስልሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ብሎ ምሎ ነበር። ወንድሟ ለሚሠራበት መድኃኒት ቤት ዕቃ ሲያደርስበት ግን አርባም አልሞላ አለ። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጨርቅ በጣት ቢጎድል ማን እንደቆረጠው ሳያውቅ አይተኛም። «ወይ ቤንዚኑን ይሸጣል፣ ወይ የማላውቀው ቦታ ይዞራል» አላት። «ዛሬም ከስልሳ ብዙ ከጎደለ ሰኞ ቁልፉን ለአጎትሽ ልጅ ነው የምሰጠው።»

ጠዋት ማደያው ላይ ሞተሩን ቀጥ አድርገው ይዘው ታንኩን አፉ ድረስ አስሞልተዋል። ሲጨርሱ እንደገና አፉ ድረስ ይሞላል፤ ያኔ የሚገባው ቤንዚን፣ ቀን የተበላው ነው።

ጩጬ ሁሉን ጠረጠረች። ስልክ ሲያወራ ጆሮዋን ጣለች። አንዲት ልጅ ከመስኮት ሰላም ስትለው ጎኑን ነካ አደረገችው።

«ማናት?»

«ደንበኛ ናት፤ የእናቷን የስኳር መድኃኒት ነው የማመጣላት። ጻፊው እንጂ፣ ሰላይዋ!»

የትም አልዞረም። መንገዱ ነው አልሄድ ያለው። ከአደባባዩ እስከ ድልድዩ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ እነሱ በአንደኛ ማርሽ ትንሽ ገፋ፣ ቁም፣ ትንሽ ገፋ፣ ቁም እያሉ ግማሽ ሰዓት ፈጁ። ሞተሩ ቆሞም ይንደቀደቃል። ሙቀቱ እግሯን ፈጃት።

«ለምን አታጠፋውም?»

«እስካስነሳው ከኋላ ያለው ሚኒባስ ይውጠኛል። ስልሳ የሚሄደው ባዶ መንገድ ላይ ነው፣ አንቺ። ይሄን ስነግረው አባዬ ሰበብ አበዛህ ይለኛል።»

ማደያው ሲደርሱ ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄደዋል። ወንድሟ ሞተሩን በጎን ማቆሚያው አጋደለው። ቀጂዋ ቀዳች፤ ቤንዚኑ አፉ ላይ ደረሰ። አንድ ሊትር ከትንሽ።

«አየሽ? ስልሳ ሊሞላ ምን ቀረው!» አለ። ዓይኗን ግን አላየም።

ጩጬን ቅር አላት። ያ ሁሉ መቆም የት ገባ? ሞተሩን ዞር ብላ አየችው። ጠዋት ቀጥ ብሎ ነበር፤ አሁን ጋደል ብሏል። ሲጋደል ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ አፉ ላይ ቶሎ ይደርሳል፤ ታንኩ ሳይሞላ የሞላ ይመስላል።

«ነቃሁብህ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አቦ ተይኝ! እውነቱን ነግሬው አላመነኝም፤ የሚያምነውን እንስጠው በቃ። ቁልፉን ከቀማኝ እኮ መድኃኒት ቤቱ ሰኞውኑ ሌላ ሰው ይቀጥራል። አንቺ ብቻ ዝም በይ።»

«ጨረሳችሁ? ሰው ተሰልፏል እኮ!» አለች ቀጂዋ።

ጩጬ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ሞተሩን ቀና አደረገችው። ከበዳት። ቤንዚኑ ወደ ውስጥ ሰመጠ።

«ጨምሪበት» አለቻት።

አንድ ሊትር ተኩል አልፎ ቆመ። ወንድሟ ፊቱን አዞረ።

«ገደልሽኝ።»

«ስትቆም አብሬህ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ መንገዱ እንደበላው ለአባዬ የምነግረውም እኔ ነኝ» አለችው። «ካላመነኝ ሰኞ መቀሱን አስቀምጦ ራሱ ከኋላህ ይቀመጣል።»

ክዳኑን ገጠመች፤ እሱ ሲቀመጥ ከኋላው ወጥታ ወገቡን ያዘች።

«ንዳ።»