ከኦኩ ላይ የጠፉት አሥራ አራቱ

ጋሽ ጥላዬ ሐሙስ ጠዋት የተገኙት አትላንታ አጠገብ ታከር ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ ከትልቁ የኦክ ዛፍ ሥር፣ አንገታቸው ተሰብሮ ነው። ከጎናቸው መሰላል ወድቋል። ፖሊስ መጣ፣ ፎቶ አነሳ፣ «የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ መሰላል ላይ ምን አወጣቸው?» ብሎ ሄደ። ደህና ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ለመስማት ግን አልቆየም።

ልጃቸው ሄርሜላ ለኤልፍነሽ ደወለች። ኤልፍነሽ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ግድያ ስትመረምር ኖራ ዛሬ ብሩክሄቨን ውስጥ አዛውንቶችን ትንከባከባለች፤ ዓይኗ ግን ጡረታ አልወጣም።

«እትዬ፣ ፖሊሶቹ ኬዙን ክሎዝ አደረጉት» አለች ሄርሜላ። «ሰኞ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ሂሪንግ አለ። ዛፎቹ ለፓርኪንግ ይቆረጡ አይቆረጡ የሚወሰነው በአባዬ ደብተር ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራው ነው። እሱ እንኳ ይትረፍልኝ።»

ጋሽ ጥላዬ በአገራቸው የደን ባለሙያ ነበሩ። ለደጋ ሰው ቆላ በሆነችው አትላንታ በየጸደዩ የጓሮውን ዛፎች እየዞሩ ላይከን ይመዘግቡ ነበር፤ ቅርፊት ላይ ተለጥፎ ሻጋታ የሚመስለውን፣ አየር ሲበከል ቀድሞ የሚሞተውን ነገር። በየዛፉ ላይ፣ በደረት ቁመት፣ በአራት ምስማር የታጠረች ጋዜጣ የምታክል ቦታ አለች። የሚቆጥሩት እዚያች ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ፣ ላለፉት አራት ዓመታት፣ እያየ የሚጽፍላቸው ወዳጃቸው ተገኝ ነበር።

ኤልፍነሽ መጀመሪያ ያነጋገረችው የሕንፃ ኮሚቴውን ሰብሳቢ ንዋይን ነው።

«ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ ንዋይ። «ምእመኑ መንገድ ዳር ፓርክ እያደረገ መኪናው ይጎተትበታል፣ እሳቸው ለሻጋታ ይሟገታሉ። ያን ጠዋት ግን ሎረንስቪል ሱቄን እየከፈትኩ ነበር። ካሜራዬን እዪው።»

አየችው። እውነቱን ነው።

ተገኝ የመጋዘን ሠራተኛ ነው፣ ሃምሳ ያለፈው። በለቅሶ ዓይኑ አብጧል።

«አንድ ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው አይቼ ጻፍኩላቸው። ደብተሩን ሰጥቻቸው ወደ ሥራ ሄድኩ።»

«መሰላሉስ?»

«የኔ ነው። ከትራክህ አውርድልኝ አሉኝ፤ አወረድኩላቸው።»

«ለምን ፈለጉት?»

«አላውቅም፣ ወይዘሮ ኤልፍነሽ።»

የደብተሩ የመጨረሻ መስመር በእሱ እጅ ተጽፏል፦ «አሥራ አራት ዓይነት። እርጥብ፣ አረንጓዴ።» ኤልፍነሽ ወደ ኋላ እየገለጠች ብዙ ቆየች። ከሟቹ ኪስ የወጣውንም ትንሽ ጠርሙስ አነሳች።

«ይኼ የምን ነው፣ ሄርሜላ?»

«የዓይን ጠብታ። የካታራክት ሰርጀሪ አድርጎ ነበር እኮ። ከአራት ዓመት በኋላ ፊቴን አይቶ ‹ማዲያት አውጥተሻል› አለኝ። ለማንም እንዳልናገር ብሎኝ ነበር፤ ‹ተገኝን ላስደንቀው› አለ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራቱም ዛፉ ሥር ቆሙ።

«ከቀለሙ ልጀምር» አለች ኤልፍነሽ። «ላይከን ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲደርቅ ይገረጣል። ጋሽ ጥላዬ ይህን ደብተሩ መግቢያ ላይ ጽፈውታል። ዝናብ ከጣለ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ታዲያ ሐሙስ ጠዋት እርጥብና አረንጓዴ ከየት መጣ? የአምናውን መስመር አየሁ፤ ቃል በቃል አንድ ነው። የካቻምናውም እንዲሁ።»

«ተገልብጧል ማለት ነው?» አለ ንዋይ።

«አራት ዓመት ሙሉ። አሁን ምስማሮቹ መካከል እዩ።»

አዩ። ባዶ ቅርፊት ነው።

«በደረት ቁመት የሚቆጥር ሰው መሰላል አይፈልግም። ጋሽ ጥላዬ ግን በዳነ ዓይናቸው እዚህ ምንም ሲያጡ፣ የተረፈ እንዳለ ብለው ወደ ላይ ወጡ። አቶ ተገኝ፣ እሳቸው እያዩ ቢሆን ኖሮ ይህን መስመር አያጽፉዎትም ነበር። እርስዎ የጻፉት እሳቸው ከወደቁ በኋላ ነው፤ አስከሬናቸው አጠገብ ሆነው።»

ተገኝ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«መጀመሪያው ዓመት ላይ ሦስት ብቻ ቀርተው ነበር። እሳቸው ያን ሰሞን ሚስታቸውን ቀብረዋል። አሥራ አራቱም አሉ አልኳቸው፤ ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሰው?»

«ሐሙስ ዕለትስ?»

«ሰኞ ሄጄ ደብተሩ ሐሰት ነው እላለሁ አሉ። ለመንኳቸው። እንቢ ሲሉኝ እግራቸውን ይዤ ጎተትኩ። በንዴት ነው የጎተትኩት፤ አልዋሽም። ከዚያ ዛፉ እንኳ ይትረፍ ብዬ ጻፍኩ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ንዋይ ቀስ ብሎ። ተረቱስ ልክ ነበር፤ ያጽናናው ሰው ግን አልነበረም።

ሄርሜላ ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች። «አራቱ ዓመት ውሸት ከሆነ የቀረውን አሥራ አምስት ማን ያምነኛል፣ እትዬ?»

«ማንም» አለች ኤልፍነሽ።

ሄርሜላ ወደ ተገኝ ዞረች። «ከላይ ሲደርስ አንድ እንኳ አገኘ?»

«አንድም» አለ ተገኝ። «ቅርንጫፉን ሁሉ በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዝቅ ብለው ‹ተገኝ፣ ምነው ዓይኔ ባልዳነ› አሉኝ።»

ኤልፍነሽ ስልኳን አውጥታ ፖሊስ ጋ ደወለች።