ተጠባባቂ ቁጥር አንድ

ሄማላታ የሞተችው በሙታን ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን በሕንዷ ከተማ በኬሳርፑር ሰው አይዳርም፣ ቤት አይገዛም፣ አዲስ ሥራም አይጀምርም። ያለፉት አባቶች ደጃፍ ድረስ መጥተው ምግብ የሚጠብቁበት ጊዜ ስለሆነ ሕያዋን የራሳቸውን ጉዳይ ገታ ያደርጉታል። ሞት ግን የማንንም ቀን መቁጠሪያ አይቶ አያውቅም።

ኢንስፔክተር ያሚኒ ባቲ የሩክማን የኪራይ ቤት ደረጃ ወጥታ ሄማላታ ከአባቷ ጋር ከምትኖርበት ክፍል በር ስትደርስ፣ ከፊት ለፊት ጣሪያ ላይ ቁራዎች ተደርድረው ወደ ውስጥ ይመለከቱ ነበር። ዝናቡ አልቆ ሙቀቱ ተመልሷል፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ልጅቷ ከአልጋው ሥር ወድቃለች፤ አንድ እጇ ወደ ውሃ ማሰሮው ተዘርግቶ ቀርቷል። ሐኪሙ ሲመረምር ቆይቶ መርዝ ነው አለ፤ ከምሳ ጋር፣ ምናልባትም በጣፋጭ ነገር ተደባልቆ የተበላ። የያሚኒ ዓይን የሟቿ የሳሪ ልብስ ጫፍ ላይ ነበር። ጫፉ ተቋጥሯል። ስትፈታው አንድ ትልቅ አሮጌ ቁልፍ ወጣ። የክፍሉ በር ግን መቀርቀሪያ ብቻ ነው ያለው።

«ማዳም፣ ይህ ነገር እኮ ገና ሳይጀመር አልቋል» አለ ረዳቷ ኮንስታብል ኦምካር። «የገዳዩን ስም መንግሥት ራሱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ከሷ ስም ቀጥሎ ማን እንዳለ ማንበብ ብቻ ነው።»

«ማንበብማ አንተም ታውቃለህ፤ እኔን ለምን ያመጡኛል?» አለችው፣ ቁልፉን ኪሷ እየከተተች።

ኦምካር ያለውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች አሥራ ሁለት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች እቀጥራለሁ ብሎ አስታወቀ፤ አገር ምድሩ ተፈትኖ ሄማላታ አሥራ ሁለተኛ ሆና አለፈች። ከሷ በታች የተጠባባቂዎች ስም ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ሎኬሽ ነው። ሎኬሽ የቤቱ ባለቤት የሩክማ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚኖረውም እዚያው ምድር ቤት ነው። ሁለቱ ለዓመታት አንድ መብራት ሥር ሲያጠኑ ኖረው በግማሽ ነጥብ በለጠችው። ከዘንድሮ በኋላ ዕድሜው ከሕጉ ወሰን ያልፋል። የመንግሥት ሥራ ማለት ለሱ ይኼው አንድ በር ነበር።

የሟቿ አባት ካህኑ ጊርዳሪ ደረጃው ሥር ተቀምጠዋል። ያሚኒ አጠገባቸው ዝቅ ስትል የዕለቱ ነገር ቀስ እያለ ወጣ። የሩክማና የሎኬሽ አባት መታሰቢያ ነበር፤ እንደ ደንቡ ካህኑና ልጃቸው ተጠርተው መጡ፤ እነሱ ሲበሉ ሟቹ ይጠግባል። ሩክማ ጎህ ሲቀድ ታጥባ ማድቤት ገባች። በእንዲህ ያለ ቀን ምግቡን ከምትሠራው ሴት በቀር የማድቤቱን ደፍ የሚረግጥ የለም፤ ወንድሟም ቢሆን። ምግቡ ሲደርስ፣ ሙታን ተመስለውባቸው ይመጣሉ ለሚባሉት ቁራዎች መጀመሪያ ከድስቱ ተቀንሶ ጣሪያ ላይ ተቀመጠ።

«ቁራዎቹ በሉት?» አለች ያሚኒ።

«ወዲያው ነው የበሉት። አባታችሁ ደስ ብሎታል አልኳቸው።» ካህኑ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። «እነሱም ይኸው አሉ። እኔም አለሁ።»

«ያቀረበላችሁ ማን ነው?»

«ሎኬሽ። እህቱ ደፉ ላይ ታስቀምጣለች፣ እሱ እያነሳ ያቀርባል። ቂጣውን በቅጠል ሳህን፣ በወተት የተቀቀለውን ሩዝ በቅጠል ጽዋ። የልጄን ጽዋ በገዛ እጁ ነው የሰጣት።»

«ሥራዋን መቼ ልትጀምር ነበር፣ ፓንዲትጂ?» አለች፤ ካህን በአክብሮት የሚጠራው እንዲህ ነው።

«ሰሞኑ አልፎ ቀጥሎ የሚመጣው በዓል ሲገባ። ቀኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በሙታን ሰሞን የተጀመረ ሥራ ዕድሜ የለውም ብዬ ጊዜ አስጠየቅኳት፤ ፈቀዱላት።» ራሳቸውን በእጃቸው ያዙ። «በጊዜ ሥራ ገብታ ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ ምን አገኛለሁ ብሎ ይገድላት ነበር?»

ያሚኒ ወደ ደጅ ወጣች። በጠባቡ መንገድ ላይ አንዲት ነጭ ላም ከቤቱ የተጣሉትን የቅጠል ሳህኖች ትግጣለች። የጎረቤት ሴቶች ላሚቱ ከምሳ ጀምሮ ከዚያ እንዳልተነቃነቀች ነገሯት፤ ጤናዋ ሙሉ ነው። ከዚያ ያሚኒ ጫማዋን አውልቃ ማድቤቱ ደፍ ላይ ቆመች፤ አልገባችም። ሩክማ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ትፈትጋለች። እናታቸው ስትሞት ሎኬሽን በጫንቃዋ ያሳደገች፣ ለጋብቻ የመጣላትን ሁሉ ‹መጀመሪያ እሱ ሰው ይሁን› እያለች የመለሰች ሴት ናት። ያሚኒ ውሃ ለመነች። ሩክማ ልትቀዳ ስትዞር፣ ምድጃው ውስጥ ከአመዱ ላይ ግማሹ ያረረ የቅጠል ጽዋ ታየ፤ ጥቂት ሩዝ ተጣብቆበታል። ያሚኒ ውሃዋን ጠጥታ አመሰገነች፤ ሐኪሙንም ጠርታ ጽዋውን ከነአመዱ አንስቶ እንዲመረምር ነገረችው።

ሎኬሽ ከመጻሕፍቱ መሃል ቁጭ ብሎ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ፍርድ ቤት ሄደህ ነበር አሉ» አለችው።

«ሄጃለሁ። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ጡረታ የወጡ አሉ፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ሰው አጥተው ተዘግተዋል። ቦታ አለ፣ እኛም ፈተናውን አልፈናል፤ ዝርዝሩን ወደ ታች ቀጥሉት ብለን ጠየቅን።»

«ዳኛውስ?»

«‹አሥራ ሁለት ተብሎ ከታወጀ አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሦስተኛውን ብጨምር ለከርሞ የሚያጠናውን ልጅ ዕድል ነው የምሰርቀው› አሉ።» ፈገግ ሊል ሞክሮ አቃተው። «ልክ ናቸው። እኔም ብሆን እንደሱ ነው የምፈርደው።»

«ለተጠባባቂ ታዲያ ምን ቀረለት?»

«ካለፉት አንዱ ሥራ ሳይገባ ከቀረ የሱን ቦታ ይወስዳል። ጠበቃችን ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ እህቴን በዚህ ነበር ያጽናናት።» ይህን ብሎ ድንገት አፉን ዘጋ። እንደ ሰረቀ ሰው ወደ በሩ አየ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ነኝ» አለ። «ቦታውን ፈልጌ እኔ ነኝ የገደልኳት። ጻፉት።»

«ጽዋዋን የት አደረግከው?»

«ለላሚቱ ጣልኩት።»

ኦምካር እጁ ካቴናው ላይ ነበር። ውጭ ሲወጡ ሰውዬው ካመነ አመነ ነው፣ ከመምሸቱ በፊት ዳኛ ፊት እናቅርበው አለ። ያሚኒ ልጁ በዚያ ቃሉ ዳኛ ፊት ከቆመ ተመልሶ እንደማይወጣ ታውቃለች። ሰው ነፍሱን ለማዳን ሲዋሽ ብዙ ሰምታለች፤ ነፍሱን ለመስጠት የሚዋሽ ግን ያስፈራታል፤ ከኋላው ሌላ ሰው አለና። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ አስቆመችው።

በር ላይ ማስተር ቻንዳክ ያዛቸው። ተፈታኞችን የሚያሠለጥን ሰው ነው፤ የሄማላታን ፎቶግራፍ በከተማው ግድግዳ ሁሉ ለጥፎ ‹ይህችን ያፈራሁ እኔ ነኝ› ይል ነበር። ከኀዘኑ ይልቅ ስለ ፎቶግራፉ የተጨነቀ ይመስላል። ሎኬሽ ሰው አይገድልም ብሎ ተከራከረ፤ ልጁ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር፣ ሰሞኑን አህመዳባድ ከተማ ያለ መጋዘን ሊቀጠር የድጋፍ ደብዳቤ እንዳጻፈው ተናገረ።

«እህቱም ተስፋ ቆርጣለች» አለ ጨምሮ። «ባለፈው መጥታ ስሙን ከሚቀጥለው ክፍል አውጣልኝ፣ ከእንግዲህ ጥናት አያስፈልገውም አለችኝ።»

«እያለቀሰች ነው ያለችህ?»

ማስተሩ አሰበ። «ኧረ እየሳቀች።»

ያሚኒ ሄማላታ ወደተመደበችበት የሴቶች ትምህርት ቤት ሄደች። ርዕሰ መምህርቷ ቁልፉን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ነው። ሄማላታ የአባቷን ቀን አልጠበቀችም፤ ሰሞኑ ገና ሲገባ መጥታ ፈርማ ሥራ ጀምራለች። ለአባቷ ‹ለማንበብ እሄዳለሁ› እያለች በየማለዳው ትመጣለች። በዓሉ ሲገባ ደግሞ አባቷን ይዛ ትመጣና፣ ርዕሰ መምህርቷ ገና ያን ዕለት እንደምትቀበላት ሆና አበባ ልታጠልቅላት ተስማምተው ነበር።

«‹አባቴ የሚያምነው ከዋክብቱን ነው፣ እኔ የማምነው የያዝኩትን› አለችኝ» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

«አሁን ስትሞት ቦታው ለተጠባባቂው ይሆናል?»

«እንዴት ተብሎ? ገብታ ፈርማለች፤ ያ ቦታ ሞልቷል። ዛሬ ባዶ የሆነው አዲስ ቦታ ነው፤ አዲስ ማስታወቂያ ይወጣበታል። ተጠባባቂ የሚጠራው ሰው ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ መጥቶ ለሞተማ አይጠራም።»

«መግባቷን ያወቀ ነበር?»

«እኔ፣ ዘበኛው፣ ደግሞ በብስክሌት ያመጣት ልጅ። ሎኬሽ ነው ስሙ። እንኳን ደስ አለሽ ብሏት አጥሩን ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁት።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ካህኑ ገመድ አልጋ ላይ፣ ማስተር ቻንዳክ በሩ ሥር፣ ሎኬሽ በኦምካር ጎን፣ ሩክማ የማድቤቷን ደፍ ተደግፋ። ቁራዎቹ አልሄዱም።

«ከድስቱ ልጀምር» አለች ያሚኒ። «ከሱ ቁራዎቹም ፓንዲትጂም በልተዋል፤ ደህና ናቸው። መርዙ ያለው ሄማላታ ጽዋ ውስጥ ብቻ ነው። ያን ጽዋ ሁለት እጅ ነክቶታል፤ የሞላው እጅና ያቀረበው እጅ።»

«ያቀረበውማ አምኗል» አለ ኦምካር።

«አምኗል፤ ግን የሚያምነውን አያውቅም። ጽዋውን ለላሚቱ ጣልኩት አለኝ። ላሚቱ ይህችው ታመነዥጋለች። ጽዋው የተገኘው ምድጃ ውስጥ ነው፤ ሐኪሙ መርዙን ከሩዙ ላይ አግኝቶታል። በዚህ አገር የቅጠል ሳህን አይቃጠልም፣ ለላም ይጣላል። ያቃጠለው ሰው ላሚቱ መርዙን በልታ እንዳትሞት የሳሳላት ነው። ደግሞ ዛሬ ከምድጃው የሚደርስ ሰው አንድ ብቻ ነበር።»

ማንም ወደ ሩክማ አልዞረም። ላለመዞር አንገታቸውን እንደያዙ ያስታውቃል።

«ምክንያቱን ፍለጋ ስሄድ ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ» አለች ያሚኒ። «ሁላችሁም ሄማላታ ገና አልገባችም ብላችኋል። ገብታ ነበር፤ ከሰሞኑ መጀመሪያ ጀምሮ። ቁልፏ ይኸው።»

ካህኑ ቁልፉን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ስለዚህ እሷ ብትሞትም ተጠባባቂው ምንም አያገኝም። ይህን የሚያውቅ ሰው ለዚያ ቦታ ሲል አይገድላትም። ሎኬሽ ያውቃል፤ ይዟት የሄደው እሱ ነው። ለዚህም ነው መጋዘን ሥራ የፈለገው። በዚያው ሰሞን ግን የወንድሟን ስም ከክፍሉ ያስወጣች አለች፤ በሩ ሊከፈትለት ነው ብላ እየሳቀች። ገዳዩ ያላወቀው ሰው ነው። ሎኬሽም ማን እንደሆነ ስለገባው ነው እኔ ነኝ ያለው።»

ሩክማ ከደፉ ወረደች። ያሚኒን አላየቻትም፤ ዓይኗ ወንድሟ ላይ ነበር።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«እኔን ለምን አልነገርከኝም?»

«በየትኛው አፌ? ማታ ማታ ‹ገና አልገባችም፣ አይዞህ› እያልሽ ታጎርሺኛለሽ። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ …»

ስትመኘውና ስትፈራው የኖረችው ነገር ሁሉ የሩክማ ፊት ላይ ታየ። ከዚያ ወደ ያሚኒ ዞረች፤ ድምፅዋ የገበያ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ያለ ነበር።

«ታዲያ ቦታው አሁን የማን ነው፣ ማዳም?»

«የማንም አይደለም። በሚመጣው ዓመት ይታወጃል።»

«በሚመጣው ዓመትማ ዕድሜው ያልፋል» አለች ሩክማ ለራሷ። የሳሪዋን ጫፍ ፊቷ ላይ ሳበች፣ እጆቿን ለኦምካር ዘረጋች። ኦምካር ሲያስራት ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። ሎኬሽ እስከ በሩ ተከትሏት እዚያው ሥር ተቀመጠ።

ማስተሩም ጎረቤቱም አንድ በአንድ ወጡ። ካህኑ ጊርዳሪ ብቻ ቀሩ። ያሚኒ ልጁን ሊረግሙት መስሏት ጠጋ አለች። ሽማግሌው ግን መጥተው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ስትገባ አብረሃት ነበርክ» አሉት። «ደስ ብሏት ነበር?»

ሎኬሽ ቀና ብሎ አያቸው። «እየሳቀች ነው የወጣችው፣ ፓንዲትጂ። እቤት እስክንደርስ ድረስ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር።»